ከእግራችን በታች ያለው ሙቀትና የአየር ንብረቱ፦ ማን ማንን ያሞቃል?

ሰማያዊ ጥላ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሲመላለስብኝ የቆየ ጥያቄ አለ፤ ስትመልሱልኝ ቁጥር አትቆጥቡብኝ።

የመሬት እምብርት ከ5,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሚሞቅ ሁላችንም ተምረናል። ከፀሐይ ገጽ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ነው። ነገሩን ለማመን እስከ እምብርቱ መውረድም አያስፈልግም። በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር የተቆፈረው ጉድጓድ 12,262 ሜትር ሲደርስ ድንጋዩ 180 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቆፋሪዎቹ የጠበቁት 100 ዲግሪ ያህል ነበር። ይህ ጥልቀት ደግሞ እስከ መሬት መሐል ካለው ርቀት 0.2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሲወራ ሁሉም ጣቱን ወደ ሰማይ የሚቀስረው ለምንድን ነው? ይህን ያህል እሳት ከታች እያለ የአየር ንብረቱ ሒሳብ ውስጥ የማይገባው በምን ምክንያት ነው?

ባሳልት

ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንድ ነገር ምን ያህል ይግላል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በየሰከንዱ ምን ያህል ኃይል ወደ እኛ ያደርሳል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የአየር ንብረቱን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው።

ከመሬት ውስጥ ወደ ገጽ የሚወጣው ጠቅላላ ኃይል 47 ቴራዋት (47 ትሪሊዮን ዋት) ገደማ ይሆናል። የሰው ልጅ በሙሉ ከሚጠቀምበት ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ በራሱ ትንሽ አይደለም። በመላው የመሬት ገጽ ላይ ሲከፋፈል ግን ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 0.09 ዋት ብቻ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ተመልሶ ከሚንጸባረቀው ተርፎ መሬት የምታስቀረው በአማካይ በካሬ ሜትር 240 ዋት ነው። ልዩነቱ ከ2,600 እጥፍ ይበልጣል።

ቁጥር ካልጠገብክ አንድ ልጨምርልህ። ፀሐይ ጠፍታ የመሬት ገጽ በዚህ 0.09 ዋት ብቻ እንዲኖር ቢተው፣ ሙቀቱ የሚረጋው ከዜሮ በታች 238 ዲግሪ አካባቢ ነው። ናይትሮጅንና ኦክሲጅን በዚያ ቅዝቃዜ ጠጣር ይሆናሉ፤ የምንተነፍሰው አየር ራሱ መሬት ላይ ይነጠፋል ማለት ነው። እሳት ላይ ተቀምጠን የምንሞቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አቋርጦ በሚመጣ ብርሃን ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን አሳምኑኝ

አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይደብቃል። 0.09 ዋት የዛሬው ልኬት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከዚህ ያነሰ እንዳልነበረ ማን ለካው? በውቅያኖስ ወለል ላይ የተደረደሩትን እሳተ ገሞራዎችስ ማን አንድ በአንድ ቆጠራቸው? «ከላይ ነው የመጣው» የምትሉት ከታች ያለውን ስላላያችሁት ይሆናል።

ባሳልት

እሺ፣ ላንተ ስንል እጅግ ለጋስ እንሁን። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ሙቀት በሙሉ ከመቶ ዓመት በፊት ጭራሽ አልነበረም፣ ከዜሮ ተነሥቶ ነው 0.09 የደረሰው እንበል። መሬት በአሁኑ ጊዜ ከምትለቀው ኃይል አስበልጣ የምታስቀረው በካሬ ሜትር ወደ አንድ ዋት ይጠጋል። ስለዚህ በዚህ ለጋስ ግምት እንኳ ከአሥር አንዱን ገደማ ብቻ ነው የሸፈንከው። የቀረውን ከየት ልታመጣው ነው?

ሌላው ደግሞ የውቅያኖሱ ምስክርነት ነው። ከትርፉ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው ወደ ውቅያኖስ ነው፤ አብልጦ የሚሞቀውም የላይኛው 700 ሜትር ነው። ምንጩ ከወለሉ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ በመጣ ነበር።

ኬብልና ቴርሞሜትር

«ማን ለካው?» ለሚለው መልስ አለ። እኔ ከሚለኩት አንዱ ነኝና ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሥራው አሰልቺ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ የቁፋሮው ግለት እስኪበርድ ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ ቴርሞሜትሩ በኬብል ጫፍ ታስሮ በዝግታ ይለቀቃል። ልኬቱ የሚወሰደው ሲወርድ ነው፤ ሲወጣ ቢለካ ኬብሉ ቀድሞ ያማሰለውን ውሃ ነው የሚለካው። የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ልቡ የሚፈስበት ጉድጓድ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የሚነግርህ የራሱን ታሪክ እንጂ የድንጋዩን አይደለም። በእኔ ግምት ከምንለካቸው ጉድጓዶች አብዛኞቹ የሚጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የተመቸ ጉድጓድ ሲገኝ የሚጠበቀው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ እየጨመረ የሚወርድ። ከታች በኩል በእርግጥም ቀጥ ያለ ነው። የላይኛው 100 እና 150 ሜትር ግን በየአህጉሩ በተቆፈሩ በርካታ ጉድጓዶች ውስጥ ወደ ሞቃቱ ጎን ጎብጧል። በአንዳንዶቹ ከነጭራሹ ተገልብጧል፤ ከገጽ ስትወርድ መጀመሪያ ይቀዘቅዝልህና ከብዙ አሥር ሜትሮች በኋላ ነው መሞቅ የሚጀምረው። ሙቀት የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው። ስለዚህ በእነዚህ ጉድጓዶች ራስጌ ሙቀት እየፈሰሰ ያለው ወደ ታች ነው! «እኔን አሳምኑኝ» እንደሚለው ከሥር የሚገፋ አዲስ ሙቀት ቢኖር ኖሮ መስመሩ መጎበጥ የሚጀምረው ከታች በኩል ነበር።

ድንጋይ ሙቀትን የሚያሳልፈው በማይታመን ዝግታ ነው። የቀንና የሌሊት ልዩነት አንድ ሜትር ሳይወርድ ይጠፋል። የበጋና የክረምት ልዩነት ከ15 ሜትር በታች እምብዛም አይታይም። እንዲያውም አሥር ሜትር ገደማ ላይ፣ እንደ ድንጋዩ ዓይነት፣ ወቅቱ ይገለበጣል፤ ላይ ክረምት ሲሆን እዚያ የደረሰው ያለፈው በጋ ሙቀት ነው፣ መጠኑ ግን ከመቶ አራት እጅ ያህል ብቻ ቀርቷል። የመቶ ዓመት ለውጥ ከመቶ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ሕግ ወደ ኋላ ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ከ600 በላይ ጉድጓዶችን አንድ ላይ አድርጎ የአህጉራት ገጽ በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ በአንድ ዲግሪ ገደማ እንደሞቀ አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ የመጣ ነው። በሰሜን አውሮፓና በካናዳ ባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቅዝቃዜ ዛሬም አለ። የዚያ ዘመን የበረዶ ግግር ቀልጦ ካለቀ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ድንጋዩ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም።

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት

ይህን ለተማሪዎቼ ሳላነብላቸው አልቀርም። አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ድንጋይ ይህን ያህል ቀርፋፋ ከሆነ የእምብርቱ ሙቀት መጀመሪያውኑ እንዴት አድርጎ ወደ ላይ ወጣ? እስካሁን እዚያው ታፍኖ መቅረት አልነበረበትም?

ባሳልት

መምህርት፣ የጠየቁት ትልልቅ ሰዎችን ያጣላ ጥያቄ ነው።

ማንትሉ፣ ማለትም ከላይኛው ቅርፊትና ከእምብርቱ መካከል ያለው የድንጋይ ንጣፍ፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ኬብልና ቴርሞሜትር በነገረን ሕግ መሠረት ሙቀት ያንን ውፍረት በድንጋይ ውስጥ እየተላለፈ ብቻ ለማቋረጥ ከ200 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ከጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ድንጋዩን ራሱን ተሳፍሮ ነው የሚወጣው። የማንትሉ ድንጋይ ጠጣር ቢሆንም በሚሊዮኖች ዓመታት ሚዛን ይፈሳል፤ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይሰምጣል፣ ፍጥነቱ በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው። አህጉራትን የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ዝውውር ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1862 መሬት ከምትበርድበት ፍጥነት ተነሥቶ ዕድሜዋን ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ሲገምት ይህን ዝውውር ከሒሳቡ ውጭ አድርጎታል። ብዙ መጻሕፍት የተሳሳተው «ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን (እየተፈራረሱ ሙቀት የሚሰጡትን) ስላላወቀ ነው» ይላሉ። እኔ ይህ አነጋገር አይዋጥልኝም። የቀድሞ ረዳቱ ጆን ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1895፣ የራዲዮአክቲቭ ነገር ገና ሳይታወቅ፣ የመሬት ውስጠኛው ክፍል ሙቀትን በተሻለ የሚያስተላልፍ ከሆነ ዕድሜዋ በቢሊዮን ዓመታት ሊቆጠር እንደሚችል አስልቶ አሳይቶ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው።

ሙቀቱ ከየት መጣ ካሉ፣ ግማሽ ያህሉ ከዩራኒየም፣ ከቶሪየምና ከፖታሲየም መፈራረስ የሚመነጭ ነው። በጃፓን ያለው የካምላንድ መሣሪያ ከዚያ መፈራረስ የሚወጡትን ቅንጣቶች ቆጥሮ ወደዚህ ግምት ደርሷል። የቀረው መሬት ስትፈጠር የያዘችው ነው፤ አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ሙሉ እየበረደች አልጨረሰችውም።

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት

አመሰግናለሁ። እንግዲያውስ «የመሬት ውስጥ ሙቀት ለአየር ንብረት ምንም አይደለም» ብዬ ላስተምር?

ባሳልት

በጭራሽ! በቀጥታ አያሞቀንም ማለት አይመለከተንም ማለት አይደለም። ወደ ላይ የሚልከው ዋናው ነገር ሙቀት አይደለም፤ ቁስ ነው። ጋዝ፣ ላቫ፣ ተራራ፣ አዲስ የባሕር ወለል። የአየር ንብረቱን ረጅሙን ሰዓት የሚሞላው በእነዚህ በኩል ነው።

ዋናውን ልውሰድ። እሳተ ገሞራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። ዝናብ ያንን ጋዝ ከአየር ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ድንጋይ ያሟሟል። የሟሟው ካልሲየምና ካርቦን በወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የባሕር ፍጥረታት ዛጎል ያበጁበታል፤ ዛጎሉ ወለሉ ላይ ተከማችቶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። በስተመጨረሻ የተወሰነው ክፍል ከሚሰምጠው ቴክቶኒክ ፕሌት (የመሬት ቅርፊት ከተከፋፈለባቸው ተንቀሳቃሽ ገበታዎች አንዱ) ጋር ወደ ማንትል ይወርድና ግሎ እንደገና በእሳተ ገሞራ አፍ ይወጣል።

የዚህ ዑደት ውበት ያለው የድንጋዩ መሟሟት በሙቀት ላይ የሚመሠረት መሆኑ ላይ ነው። ሲሞቅ ዝናቡ ይበዛል፣ መሟሟቱ ይፈጥናል፣ ካርቦን ከአየር ይቀነሳል፣ መሬት ትበርዳለች። ሲበርድ መሟሟቱ ይዘገያል፤ እሳተ ገሞራው ግን ላይ ያለውን ቅዝቃዜ አያውቅም፣ መትፋቱን አያቆምም፤ ካርቦኑ ይጠራቀምና ሙቀቱ ይመለሳል። ዎከር፣ ሄይስና ካስቲንግ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1981 በዚህ መልኩ አስቀምጠውታል። ፀሐይ በልጅነቷ ከዛሬው 70 በመቶ ያህል ብቻ ታበራ ነበር፤ ሆኖም መሬት ላይ በዚያን ዘመንም ፈሳሽ ውሃ እንደነበረ ድንጋዮች ይመሰክራሉ። ይህ ዑደት ለዚያ እንቆቅልሽ ከቀረቡት ማብራሪያዎች ቀዳሚው ነው።

ፈተናውን የምናይበትም ዘመን አለ። ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በረዶ እስከ ምድር ወገብ አካባቢ ደርሶ ነበር። ዝናብ ቀረ፣ ድንጋዩ በበረዶ ተሸፈነ፣ መሟሟቱ ቆመ። ከስር ግን እሳተ ገሞራው ሥራውን ቀጠለ። ካርቦኑ ለሚሊዮኖች ዓመታት ተጠራቅሞ በረዶውን ሰበረው። የሁለተኛው እንዲህ ያለ ዘመን መጨረሻ የዛሬ 635 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ግግሩ ትቶት በሄደው የድንጋይና የደለል ክምችት ላይ በቀጥታ የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ንጣፍ በብዙ አህጉራት ይታያል። መሬት ውስጧ በርዶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በረዶ የሚያወጣን አልነበረም።

እኔን አሳምኑኝ

በራስህ አፍ ተናገርከው! መሬት ራሷን የምታስተካክል ከሆነች ጭንቀቱ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ካርቦኑን እሳተ ገሞራው ከለቀቀው እኛን ምን አመጣን?

ባሳልት

ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ አጭር ነውና። እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ተደምረው በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ቢሊዮን ቶን ያነሰ ነው። ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው።

የመጀመሪያው፦ አዎ፣ ታስተካክላለች፤ በመቶ ሺህ ዓመታት። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሰሜን አትላንቲክ አካባቢ ከነበረው ታላቅ የማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ፍሰት ጋር በተያያዘ ብዙ ካርቦን ወጥቶ ዓለም በአምስት፣ ስድስት ዲግሪ ሞቃ ነበር። ወደ ቦታዋ ለመመለስ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ፈጀባት። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሳይቤሪያ ላቫው በከሰልና በኖራ ድንጋይ ንጣፎች ውስጥ ሰርጎ ሲወጣ ደግሞ ከባሕር ዝርያዎች ከ80 በመቶ በላይ ጠፍተዋል። ከዚያ በኋላም መሬት ራሷን አስተካክላለች። ማስተካከሏ ለጠፉት ምን ጠቀማቸው?

ሰማያዊ ጥላ

አንድ ያልገባኝ ነገር። እሳተ ገሞራ ያቀዘቅዛል ሲባልም ሰምቻለሁ። የቱ ነው ትክክሉ?

ባሳልት

ሁለቱም፤ ሰዓታቸው ይለያያል። የሚያቀዘቅዘው ሰልፈር ነው። በፊሊፒንስ የሚገኘው ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 ወደ 15 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ስትራቶስፌር፣ ከደመናዎች በላይ ወዳለው የአየር ንጣፍ፣ ረጨ፤ የፀሐይን ብርሃን የሚመልስ ጭጋግ ሆኖ ዓለምን በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዘ፤ በሁለት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ረገፈ። ካርቦኑ ግን አይረግፍም። አንድ ፍንዳታ የሚለቀው ካርቦን ከቁጥር አይገባም፤ በሚሊዮን ዓመታት የተደመረው ነው ዓለምን የሚቀይረው።

ግግር

እስካሁን ከታች ወደ ላይ ያለውን ብቻ ነው የተወያያችሁት። ከላይ ወደ ታች ያለው መንገድ ለእኔ ከዚህ ይበልጥ አስገራሚ ነው፤ ርዕሱም «ማን ማንን» ይላልና ልግባበት።

አይስላንድን ተመልከቱ። በበረዶ ዘመን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ግግር ተሸፍና ነበር። ድንጋይ የሚቀልጥበት ሙቀት ግፊት ሲጨምር ከፍ፣ ግፊት ሲቀንስ ዝቅ ይላል። ከደሴቲቱ ስር ያለው ማንትል ቀድሞውንም ሊቀልጥ አፋፍ ላይ የነበረ ነው። ከ12,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግግሩ ፈጥኖ ሲቀልጥ ሸክሙ ተነሣ፣ ግፊቱ ቀነሰ፣ ድንጋዩ ምንም ሙቀት ሳይጨመርበት ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሺህ ዓመታት የነበረው የላቫ መጠን ከዛሬው በ30 እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጥ እንደነበር ላቫዎቹን ቆጥረው ያጠኑት አስልተዋል። የአየር ንብረቱ ሞቀ፤ እሳተ ገሞራው መለሰለት። እሳተ ገሞራው ደግሞ ጋዝ ለቀቀ። ይህን ነው እርስ በርስ መነካካት የምለው።

ስዊድንና ፊንላንድ መካከል ያለው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እስካሁን ድረስ በዓመት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ግግር የጫነው ማንትል ሸክሙ ከወረደለት አሥር ሺህ ዓመት አልፎትም ገና ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። በሰሜን ስዊድን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የፐርቪየ ስንጥቅ አለ፤ ግግሩ ሲነሣ በኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ የተፈጠረ ነው። ያ አገር ዛሬ ከዓለም ጸጥተኛ አገሮች አንዱ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት

ታዲያ ነገ አንድ ተማሪ «የዛሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣው በአየር ንብረት ለውጥ ነው» ቢለኝ?

ግግር

አይቀበሉት። እኔ የጻፍኩት በኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር በረዶ ነው። አብዛኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ፕሌቶቹ በራሳቸው ጉዞ ያጠራቀሙት ውጥረት ውጤት ነው። በአይስላንድ፣ በአላስካና በመሳሰሉት ግግር በፍጥነት እየቀለጠ ባለበት ቦታ ግን መሬቱ በዓመት በሴንቲ ሜትር ሲነሣ በሳተላይት መሣሪያ ይለካል፤ እዚያ ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኔን አሳምኑኝ

አንታርክቲካስ? ከምዕራቡ ግግር ስር እሳተ ገሞራዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። የሚያቀልጠው እሱ አይደለም?

ግግር

ከስር ሙቀት አለ፤ ያቀልጣልም። ቮስቶክ ሐይቅ አራት ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ በረዶ ስር ፈሳሽ ሆኖ የሚኖረው በዚህ ሙቀት፣ ከላይ ባለው ግፊትና የላዩን ቅዝቃዜ በሚከላከለው ውፍረት ነው።

ግን እናስላው። በካሬ ሜትር 0.06 ዋት ሙሉ በሙሉ በረዶ ለማቅለጥ ቢውል በዓመት 6 ሚሊ ሜትር ያቀልጣል። ሦስት እጥፍ አድርገው፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በምዕራብ አንታርክቲካ ባለው በቱዌትስ ግግር ስር የሚገባው ሞቃት የባሕር ውሃ በአንዳንድ ቦታዎች በዓመት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር በረዶ ያቀልጣል። ደግሞም የከርሰ ምድሩ ሙቀት በአርባ ዓመት ውስጥ ድንገት አልተነሣም፤ ኬብልና ቴርሞሜትር ለምን እንደማይነሣ አስረድቶሃል።

እንዲህም ሆኖ ችላ የሚባል አይደለም። ያቺ ሚሊ ሜትር ውሃ ግግሩና ድንጋዩ መካከል ገብታ ታንሸራትተዋለች። የትኛው ግግር ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ እንደሚቆም፣ የትኛው ወደ ባሕር እንደሚንሸራተት በከፊል የምትወስነው እሷ ናት። ከስር ያለውን ሙቀት በየቦታው በትክክል ማወቅ የባሕር ከፍታን ለሚተነብዩ ሰዎች ራስ ምታት የሆነው ለዚህ ነው፤ አራት ኪሎ ሜትር በረዶ ሰርስሮ ቴርሞሜትር ማውረድ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከዋክብት ቆጣሪ

ስለ መግነጢሳዊ መስኩ ማንም አላነሣም። እምብርቱ ስለሚበርድ ነው ፈሳሹ ብረት የሚዘዋወረው፤ ብረቱ ስለሚዘዋወር ነው መስኩ ያለው፤ መስኩ ስላለ ነው አየራችን ያልተገፈፈው። ማርስ ውስጧ በረደ፣ መስኳ ከአራት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፋ፣ አየሯም አለቀ። ነገሩ በዚህ ያበቃል።

ባሳልት

በዚህ አያበቃም። ቬነስ ከውስጧ የሚመነጭ መስክ የላትም፤ የአየሯ ግፊት ግን ከእኛ ከ90 እጥፍ ይበልጣል፣ ገጿም 460 ዲግሪ ገደማ ነው። ማርስ ትንሽ ናት፤ የስበት ኃይሏ ደካማ ስለሆነ ጋዝ በቀላሉ ያመልጣታል፤ እሳተ ገሞራዋም የጠፋውን መተካት አቅቶታል። መስኩ ድርሻ አለው ብትል እስማማለሁ፤ ብቻውን ያደረገው ነው ካልክ ቬነስን አስረዳኝ።

ከዋክብት ቆጣሪ

ቬነስ ሃይድሮጅኗን አጥታለች፤ ውሃዋን ማለት ነው። መስክ ቢኖራት ኖሮ ውሃው ይቀርላት እንደነበር ማሰብ ስህተት አይመስለኝም።

ባሳልት

ውሃውን ከአየሩ አናት አድርሶ ለፀሐይ የሰጠው ሙቀቱ ነው። መስክ ቢኖራትም ያ ትነት አይቀርም ነበር። በዚህ ላይ አልተስማማንም።

አወያይ

ማርስና ቬነስ በጠፈር ክፍል ክር አላቸው፤ እባካችሁ ወደ መሬት ተመለሱ።

ሰማያዊ ጥላ

ሁሉንም አነበብኩ። የቀረችኝ አንድ ናት። ባሳልት ቀደም ሲል «አዲስ የባሕር ወለል» ብለህ አልፈሃታል። የባሕር ወለል ለአየር ንብረት ምን ያደርጋል?

ባሳልት

ከውስጣዊው ሙቀት ትልቁ ድርሻ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። በውቅያኖስ መካከል ባለው ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ማግማ ወጥቶ ወለል ይሆናል፤ ትኩስ ድንጋይ ስለሚሰፋ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከውሃው ገጽ 2,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ። ከተራራው እየራቀ ሲሄድ ይበርዳል፣ ይኮማተራል፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንግዲህ አዲስ ወለል በብዛት የሚፈጠርበት ዘመን ሲሆን አማካዩ ወለል ወጣትና ትኩስ፣ ስለዚህም ከፍ ያለ ይሆናል፤ ውሃው ቦታ ያጣና አህጉራትን ያጥለቀልቃል። ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ከፍታ ከዛሬው በመቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበልጥ ነበር፤ ሰሜን አሜሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሁለት የከፈለ ባሕር ነበረ። በምድር ዋልታዎች ላይ ሰፊ የበረዶ ግግር አለመኖሩም አግዟል፤ ዓለም በጣም ሞቃት ነበረች። ለዚያ ሙቀት ፈጣኑ የወለል መስፋፋትና የእሳተ ገሞራው ካርቦን ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው ግን እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ወለል ብዙው ተመልሶ ሰምጧል። ዛሬ በውቅያኖሶች ውስጥ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በላይ ያስቆጠረ ወለል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መስፋፋቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደነበር የሚነግረን የቀረው ግማሽ ነው፤ የጠፋው ግማሽ እንደቀረው ነበር ብለን ነው የምናሰላው።

እኔን አሳምኑኝ

ይኸውና፣ ግማሽ ማስረጃ! ለዚህኛው ሌላ ክር ክፈቱለት፤ የምጠይቀው አለኝ።